አምባዛ ልናጠምድ የወረድን ዕለት

ዓሣ ማጥመድ ያስለመደኝ የእህቴ ባል ነው። የቡታጅራ ልጅ ነው። እህቴን አግብቶ ወልቂጤ ሲገባ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና በጆንያ የተጠቀለለ ወፍራም የናይለን ክር ይዞ መጣ። ማሽኑ ለማንም ግልጽ ነበር፤ በርና መስኮት እየሠራ ቤቱን ሊያስተዳድር ነው። ክሩ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ግራ አጋባ። አጎቱ ከዝዋይ ሽንኩርት እየጫነ ቡታጅራ ያራግፍ ስለነበር፣ አብሮት እየሄደ ሐይቁ ዳር ከአጥማጆች ጋር ሲውል የለመደው ነገር ነው። እናቴ "አሁን ይሄ ትልቅ ሰው ዓሣ ሲያባርር ሊውል ነው?" ብላ እህቴን በጉራጊኛ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ። እሱም ሰምቷል፤ ስቆ አለፈው።

በመጣ በመጀመሪያው ሰሞን የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

"መምህሬ፣ እዚህ ወንዝ አለ አሉኝ።"

"ዋቤ አለ፣ ጋሼ።"

"ዓሣስ አለው?"

"አምባዛ ነው ያለው" አልኩት፣ እንግዳ ቤት አስገብቼ የሚቀርብ እንዳጣሁ ሰው አፍሬ።

"እኔም የምፈልገው እሱን ነው" አለ።

አምባዛ በእኛ ዘንድ ዓሣ ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። ከተማው የሥጋ ከተማ ነው፤ ዓሣ ከተበላም ከሐይቅ በበረዶ ተጭኖ የመጣ ቆሮሶ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ያሟልጫል። እንደ ድመት ጢም አለው፤ ደፍርሶ የቆመ ውሃ ይወዳል፤ የወንዙን ጥራጊ ሁሉ ይበላል። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ቅርፊት የሌለው አይበላም ይላሉ። እኛ ጴንጤዎቹ ደግሞ ሁሉም ተፈቅዷል ብለን እንሰብክና ድስቱ አጠገብ ስንደርስ ሐሳባችንን እንለውጣለን። የመጀመሪያውን አምባዛ ይዘን የገባን ቀን እናቴ እቤቷ በር ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ይሄን ጢማም በቤቴ አላሳልፍም።"

ዓሣው ከውሃ ወጥቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ ተጉዞ መጥቶም አልሞተም ነበር። ጆንያው ውስጥ እንደ ሕፃን አቃሰተ። እናቴ አማተበች ልል አልችልም፣ እኛ አናማትብም፤ ግን እጇ ወደ ግንባሯ ሄዶ ነበር። በመጨረሻ እህቴ የራሷን መጥበሻ አውጥታ፣ ጓሮ እሳት አንድዳ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ጠበሰችው። እሷ፣ ባሏና እኔ በላነው። ጣፋጭ ነበር። ጎረቤት ሽታው ሲደርሰው በር ዘጋ።

እኔ በዚያ ዓሣ የተማረክሁት ግን በጥርሱ ነው። ባወጣሁት በመጀመሪያው አምባዛ መንጠቆውን ልነቅል አውራ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። አፉን ገጠመብኝ። አይነክስም፤ ይፍቃል። ከላይም ከታችም የተደረደሩ፣ ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ጣቴን ስስብ ቆዳዬ ተልጦ ደም አዘለ። የእህቴ ባል እጄን ይዞ አየና ሳቁ ወንዙን ሞላው።

"ሞረድ ነው እኮ! ሰውዬው የእኔ ሙያ ባልደረባ ነው። እኔ ብረት እሞርዳለሁ፣ እሱ ሰው ይሞርዳል።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ለእኛ የዋቤ ቀን ሆነ። እሱ ሱቁን ለሠራተኛው ይተዋል፤ እኔ የፈተና ወረቀት ካለኝም አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከአንድ ሆቴል ጓሮ የዶሮ አንጀት እንለምናለን፤ የዓሣው ምግብ እሱ ነው። በባጃጅ አስፋልቱ ድረስ፣ ከዚያ በእግር በባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ይሠራሉ፤ አካፋቸውና አይሱዙ መኪናቸው ሁልጊዜ እዚያ አለ። ከእነሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በወንዙ መሐል፣ ጀርባው ሰፋ ያለ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ኋላ ውሃው ጠልቆ ይተኛል። ትልልቆቹ አምባዛዎች የሚያደፍጡት እዚያ ነው።

እሱ በበጋ ብቅ ብቅ በሚሉ ድንጋዮች እየዘለለ ድንጋዩ ላይ ይወጣና እዚያ ተቀምጦ ይውላል። እኔ ዋና አልችልም፤ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ስለዚህ ከዳር ሆኜ አጠምዳለሁ። ይሄን አውቆ አንድ ቀንም "ና ተሻገር" ብሎኝ አያውቅም። እየተጠራራን እናወራለን። ብዙ ጊዜ ስለ ሥራ፣ አንዳንዴ ልጅ ስላለመውለዳቸው። እህቴ ፊት የማይናገረውን ነገር በወንዝ ላይ እየጮኸ ሲነግረኝ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ነገሩ የደረሰው ግንቦት ውስጥ ነው። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም። ፀሐዩ ጀርባችንን እየጠበሰው ወረድን። አሸዋ አውጪዎቹን የሚያሠሩት ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ እንደ ወትሮው "አሰላሙ አለይኩም" አልናቸው፣ "ወአለይኩም ሰላም፣ ዛሬስ ለእኔም አንድ ጢማም አምጡልኝ" ብለው ቀለዱ። በዚያ ሰፈር አምባዛ እበላለሁ ሲሉ ያልተሸማቀቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የእህቴ ባል ተሻገረ። ረፋዱ ላይ ክሩ ተወጠረ። መጀመሪያ ግንድ የያዘ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግንዱ መሄድ ጀመረ። ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ እንደገና ቆሞ ሲታገለው ቆየ። መዳፉን ክሩ እየቆረጠው በሸሚዙ ጠቀለለው። ሲያወጣው ከክንዱ ይረዝማል፤ ጭንቅላቱ እንደ አካፋ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። ሁለት ጣቶቹን ከጉንጩ በታች ከትቶ አፉን ወደ እኔ ከፈተልኝ።

"ሞረዱን እያየህ ነው?"

"እያየሁ ነው! እጅህን አውጣ!"

በጉንጩ ሲባጎ አሳልፎ ከድንጋዩ ቀንድ ላይ አሰረውና ውሃው ውስጥ መለሰው፤ እንዳይደርቅ። ሁለተኛ ክር ወረወረ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቅጠል ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ብዙ፣ አንድ ላይ ተቃቅፎ መጣ። ከኋላው ነጭ አረፋ። ከዚያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል እንደ ታንኳ ተንሳፍፎ አለፈ። በዚህ አካባቢ ወንዝ ዳር የቆመ እንሰት የለም፤ እንሰቱ ያለው ላይ አገር ነው። ውሃው ሻይ መሰለ። የአፈር ሽታ መጣ። ይህን ሁሉ እያየሁ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ አሸዋ አውጪዎቹ አካፋቸውን እየጣሉ ወደ ላይ ሲሮጡ አየሁ።

"ወንዙ መጣ! ውጡ! ወንዙ መጣ!"

ስሙን ጠርቼ ጮህኩ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየና ክሩን ጥሎ ተነሣ፤ ለአፍታም አልዘገየም። ወደ መሻገሪያው ወረደ። የመጀመሪያው ድንጋይ ግን ከውሃ በታች ገብቶ ነበር። እግሩን ሰደደ፤ ውሃው እግሩን ወስዶ ወዲያ አስቀመጠው። ተመልሶ በአራት እግሩ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ይሄ ሁሉ አንድ ሰላምታ የሚፈጀውን ያህል ነው የፈጀው። ስመለከት እኔ የቆምኩበት አሸዋም የለም፤ ሽማግሌው በኮሌታዬ ይዘው ወደ ላይ እየጎተቱኝ ነበር።

"ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው" አልኩ። ያንን ነው ያልኩት።

"ሰማዩን ምን ታየዋለህ ልጄ፣ የዘነበው ላይ አገር፣ ጉመር ነው" አሉኝ።

በእኛና በእሱ መሐል ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። ፊቱ ይታየኛል። ጢሙን ሲጠርግ ይታየኛል። ድምፁ ግን አይሰማም፤ ወንዙ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። አፉን ይከፍታል፣ እኔም እከፍታለሁ፤ ሁለታችንም ዲዳ ነን። ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሲያስገባ አየሁት። ስልኬ ጠራ።

"መምህሬ።"

"ጋሼ!"

"ጭንቅላቴ አሁን ነው የሠራው፤ ስልክ ይዣለሁ እኮ።" ሊስቅ ሞከረ። "ስማኝ፣ ላይ አሁንም እየዘነበ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ካባራ ይጎድላል። እጠብቀዋለሁ።"

እዚያው ጉመር፣ አረቅጥ ከተማ የሚያስተምር አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። ስልኩን ሲያነሣ ከጀርባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የዝናብ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ መልሱን ሳይናገር ሰማሁት።

"አንተ፣ ምነው ዛሬ ተገኘህ?"

"ዝናቡ እንዴት ነው?"

"ምን እንዴት አለው፣ በረዶ ሁሉ ጥሏል። ጉሙ እንኳን ሊነሣ በር አያሳይም። ምነው?"

ነገርኩት። "ቆይ ወጥቼ ልየው" አለና በዝናቡ ውስጥ ሲራመድ ሰማሁት። ምን ሊያይልኝ እንደሚወጣ አላውቅም። እሱም የሚያደርገው ሲያጣ ነው የወጣው።

የእህቴ ባል ድጋሚ ሲደውል እውነቱን ነገርኩት።

"እሺ" አለ። ቆይቶ "ለእሷ ግን አሁን አትንገራት" አለ።

ቀድሜ ደውዬ ነግሬያት ነበር። በመንገድ ላይ ናት።

ሽማግሌው ሰዎቹን አሰባሰቡ። አይሱዙው ጭነት የሚታሰርበት ገመድ ነበረው። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው፣ ከሁሉም ጉልበተኛው ወረወረው። መሐል ላይ ወደቀ። ወንዙ ነጥቆ ወደ ዳር መልሶ ተፋው። እንደገና። እንደገና። አንዴ ለጥቂት ደርሶ ነበር፤ የእህቴ ባል በሆዱ ተኝቶ እጁን ዘረጋ፤ ገመዱ ከጣቱ ፊት ሄደ። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቃተተ።

ከአሸዋ አውጪዎቹ አንዱ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ጠንካራ ሰው፣ ሸሚዙን አወለቀና ገመዱን ወገቡ ላይ ታጠቀ። ሽማግሌው "ተው" አሉት። "ሰው ነው እኮ አባባ" ብሎ ገባ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ እግሩን ከሥር ወሰደበት። ጎትተን ስናወጣው ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ውሃ እያስመለሰ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! እኔ ጉልበቴ ድረስ እንኳን መግባት የማልችለውን።

እህቴ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር በባጃጅ መጣች። ቁልቁለቱን በነጠላ ጫማ ነበር የወረደችው፤ አንዱ እግሯ ባዶ ነው። አየችውና ቆመች። አልጮኸችም። ሴቶቹ እዚያው ተንበርክከው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። ሽማግሌው ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብለው እጆቻቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ከማዶ፣ ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ማርያምን ትጠራለች፤ ድምጿ አይደርስም፤ ከንፈሯን አይቼ ነው ያወቅሁት። ሁሉም ይጸልያል። እኔ ብቻ ቆሜ አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መጸለይ ያልከበደኝ ሰው አንዲት ቃል አጣሁ።

እህቴ ስልኬን ከእጄ ወሰደች።

"እኔ ነኝ" አለችው።

ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ "እሺ"፣ "እሺ"፣ "በልተሃል?" ስትል ሰማሁ። በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ፊቷን ከሰው አዙራ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስልኩን ስትመልስልኝ "በቀበቶህ ራስህን ከድንጋዩ ጋር እሰር በለው፣ እኔን አይሰማኝም" አለችኝ። ነገርኩት።

ፖሊሶች መጡ። የቀበሌ ሰዎች መጡ። ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። አንዱ ጀልባ ይምጣ አለ፤ ሌላው ጀልባ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ነው ያለው አለ፤ ሦስተኛው እሱ ቢመጣስ በዚህ ውሃ ላይ የትኛው ጀልባ ይቆማል አለ። ለመንገድ ሥራ የመጣ ሎደር እንዳለ ተነገረ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ ሳይለመን አመጣው፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አፈሩ ከጎማው ሥር መናድ ጀመረና ወደ ኋላ ሸሸ። ቆሞ ከእኛ ጋር ማየት ጀመረ። አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ መኪና ሁሉ እየቆመ ሰው ወረደ። ከአታት በኩል የሚመጡ የገበያ ሴቶች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አብረው ቆሙ። ዳገቱ እንደ ኳስ ሜዳ ሞላ። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያን ያህል ከንቱ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ። ድንጋዩ አሁን አይታይም፤ ሰውዬው ወንዝ ላይ የቆመ ይመስላል። አጎንብሶ እጁን ውሃ ውስጥ ከትቶ ሲታገል አየሁትና ደወልኩለት። ብዙ ጠርቶ አነሣው።

"ምን እያደረግክ ነው? ቀጥ ብለህ ቁም!"

"ዓሣውን እየፈታሁት ነው።"

"አሁን?"

"ሲባጎው ጠብቋል። ከውሃው ጋር ከፍ ብሎ መጥቶ እግሬ ሥር ይዞራል። ቁርጭምጭሚቴን ፋቀኝ።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ሌላ የምሠራው ሥራ አለኝ እንዴ መምህሬ? ይሄ እንኳን ይሂድ።"

ስልኩን ሳይዘጋው ኪሱ ከተተው። የሚሰማኝ የወንዙ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ሲባጎውን ሲበጥስ አየሁት። ቀና ሲል እጁን አነሣልኝ፤ ሄደ ለማለት ነው።

ግንዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ነበር። እኛ ከእሱ በፊት አየነው፤ ዳገቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ እሱ ግን ጩኸቱን አይሰማም፤ ወደ እኛ ዞሮ፣ ለምን እጃችንን እንደምናወናጭፍ ለማወቅ እየሞከረ ነበር። ስልኩ ክፍት ነው ብዬ "ከኋላህ! ጋሼ ከኋላህ!" አልኩ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ዛፉ ቀኝ እግሩን መታው። ወደቀ። ጠፋ። እህቴ አንዴ ብቻ፣ አጭር ድምፅ አወጣች። ከዚያ ከድንጋዩ ኋላ እጅ ታየ፣ ቀጥሎ ራስ። በቀበቶው ነበር የተንጠለጠለው። ክንዱን በድንጋዩ ቀንድ ላይ አጠላልፎ በደረቱ ተኛ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ መልሼ ስደውል ስልኬ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ማለት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ማውራትም ቀረ። እኛ እናየዋለን። እሱ ያየን እንደሆነ አናውቅም። እህቴ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ልይዝ ፈልጌ አልያዝኩም፤ የሁለታችንም እጅ ጭቃ ነበር፣ ለምን ይሄ እንደከለከለኝ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ድምፃቸው ሰልሎ ሹክሹክታ ሆነ። አንድ ፖሊስ ብርቱካን ልጦ ሰጠን። ይዤው ቆየሁ።

ሽማግሌው ዳሩ ላይ አንድ እንጨት ተክለው ነበር። እየሄዱ ያዩታል፣ ይመለሳሉ፣ ምንም አይሉም። ከብዙ መመላለስ በኋላ አንዴ ሄደው እዚያው ቁጢጥ ብለው ቀሩ። ከዚያ ዞረው "አልሐምዱሊላህ፣ ቆሟል" አሉ። ማንም አላመነም። እኔም ሄጄ አየሁ። እንጨቱ ላይ እርጥበቱ ከውሃው በላይ ጣት የምታህል መሥመር ሆኖ ይታያል። መሥመሩ ሰፋ። ወንዙ ሲመጣ እንደ ዘራፊ ነበር፤ ሲሄድ ግን ሳይቸኩል፣ እየተዘናጋ፣ ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ እንዳልነበረው ሆኖ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰዎች ተያይዘው በገመድ ታስረው ገቡ። ግንባሩ የተሰነጠቀው ሰውዬ ከፊት ነበር። ክንዱን ከድንጋዩ ላይ ለማላቀቅ ተቸገሩ፤ ጣቶቹ አልፈታ ብለው ነበር። ሲያመጡት እህቴን አየና "ብርድ ነው" አለ።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገውለታል፤ ብረት አስገብተው አያያዙት። ዳነ፣ ግን አጥሮ ዳነ። እየተነሣ፣ እየተንበረከከ፣ የብረት በር ሲገለብጥ የሚውል ሰው በአንድ እግር ምን ይሆናል? ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠራተኛውን ያዝዝ ነበር። ከዚያ ማዘዙንም ተወ።

መራመድ ሲጀምር ቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት እንዲሰጥ ጠየቀው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔና እህቴ ፊት ወንበር ላይ ነበርን፤ እናቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። በክራንች ተደግፎ ወጣና ማይክራፎኑን ያዘ።

"ድንጋይ ላይ ቆሜ ነበር" አለ። "ውሃው ሞላ። ከዚያ ጎደለ። ሰዎች አወረዱኝ።"

ሕዝቡ ቀጣዩን ጠበቀ። ሰባኪው ሊያግዘው "ጌታስ በዚያ ሰዓት ምን አለህ ወንድሜ?" አለው።

ክራንቹን አስተካከለ። "እንጃ" አለ። "ውሃው ያልጎደለለትም ሰው ይኖራል። እሱን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት።"

ማይክራፎኑን አስቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው ሳያምንበት "ሃሌ ሉያ" አለ፤ ማንም አልተከተለውም። መዘምራኑ ቶሎ ተነሡ። እናቴ ቤት ስንደርስ "ምን አለበት አንዲት አመሰግናለሁ ቢል" ብላ አዘነች። እህቴ ክራንቹን ከእጁ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ አለች።

ያን ዓመት ሳይሞላ ዕቃቸውን ጭነው ቡታጅራ ገቡ። ወንድሞቹ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ተቀምጦ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። እንዳይሄዱ ልከለክላቸው አልቻልኩም። ወልቂጤ ላይ የሚቀር ምን አላቸው?

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሱቁ ገበያው አጠገብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሰው ግፊያ። ወፍሯል። ከደንበኛ ጋር ይቀልዳል፤ አንዱን "አሰላሙ አለይኩም"፣ ሌላውን "ጤና ይስጥልኝ" እያለ ይቀበላል። እህቴ ማስተማር ጀምራለች፤ ፊቷ በርቷል። ምሳ ላይ ስለ ሁሉም ነገር አወራን። ስለ ወንዙ ያነሣ የለም።

ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ካልሸኘሁህ አለ። ቀስ ብለን ሄድን፤ እሱ በከዘራ፣ እኔ በእሱ እርምጃ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ጥላ ሥር ቆምን።

"መምህሬ" አለኝ፣ "ያን ዕለት ዳር ሆነህ ምን ታስብ ነበር?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው።

"ምንም" አልኩት። "መጸለይ እንኳን አቃተኝ።"

አንገቱን ነቀነቀ። "ከእኔ ይልቅ እናንተ ታሳዝኑኝ ነበር። እኔ የምይዘው ድንጋይ ነበረኝ።" ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። "እሷ በአንድ እግሯ ጫማ ሳታደርግ መቆሟ ይታየኝ ነበር። ጫማ አምጡላት ብዬ እናገራለሁ፤ ማን ይስማኝ።"

ረዳቱ "ወልቂጤ የቀረ! ወልቂጤ!" ብሎ ይጮሃል።

"አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትወርዳለህ?" አለኝ።

"አልወርድም።"

"ውረድ እንጂ። ለምን ትተዋለህ?"

"ከማን ጋር?"

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ረዳቱ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ገፋኝ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስዞር እሱ ከሰው መሐል ለመውጣት ከዘራውን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ እየፈለገ ነበር። ልወርድና ላሻግረው ብድግ አልኩ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።